ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የተቀመጡት

ማክሰኞ ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ደሴ

የወጣቶቹ የክረምት የሥዕል ትምህርት ዛሬ ተጀመረ። ቀበሌው አዳራሹን ሰጥቶናል፤ ወረቀት ግን የለም። የአሥረኛው የአብዮት በዓል ኮሚቴ ጸሐፊ ጓድ እንየው «ወረቀት ይመጣል» ማለት ከጀመረ ቆየ። ዝናቡም እንየውም በየቀኑ ይመጣሉ፤ ያልመጣው ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈርን ግድግዳ ለግድግዳ ስንዞር አረፈድን። በከሰል የተጻፈ የሴት ስም፣ በሸክላ ስባሪ የተሣለ ኳስ ተጫዋች፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ደግሞ እግሩን ያነሳ ውሻ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

«ቲቸር፣ ይኼ ብልግና ነው እንጂ ሥዕል ነው እንዴ?» አለ የሱፍ። የክፍሉ አፈኛ እሱ ነው።

ውሻውን የሣለው ልጅ ከብዙዎቻችን ይሻላል አልኳቸው፤ ቦታውን አውቆ ነው የሣለው። ግድግዳ ላይ የሚሥል ሰው መጀመሪያ እዚያ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቀመጥ ማየት አለበት፤ ሥዕሉ የዚያ ቦታ መሆን አለበት። ይህንን ደግሜ ደጋግሜ ተናገርኩ። አንዳንድ ቀን የራሴ ድምፅ ይጣፍጠኛል።

ሰኞ ሐምሌ 9

ወረቀቱ መጣ፤ ባንድ ፊቱ የድሮ ሰርኩላር የታተመበት። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ አመሰገንኩ።

የሱፍን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ሁሉም እንዲሥሉት አዘዝኩ። የረሂማ እጅ ያስደነግጣል። ረሂማ ሰኞ ገበያ ልብስ የሚሰፉት የሼህ እንድሪስ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ካልጠየቋት አትናገርም። የሱፍን ስትሥለው አንዱ ትከሻው ዘንበል እንዳለ፣ እግሩ መቀመጥ እንደሰለቸው፣ ልክ እሱን አድርጋ ነው። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ባዶ።

«ፊቱን ጨርሺው እንጂ።»

«ቲቸር፣ አፉ ይበሉኝ። ፊት አልሥልም። አባቴ ወደዚህ ሲልኩኝ ወላሂ ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ነፍስ ያለውን ነገር ፊቱን የሣለ ሰው፣ የቂያማ ቀን በል ሩሕ ንፋበት ይባላል።»

«የእኔን ግዴለሽም ሣዪው» አለ የሱፍ ከበርጩማው ላይ፤ «ቁርስ ስላልበላሁ ሩሕ የለኝም።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። «እንግዲያው ጆንያና ዛፍ ሣዪ!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ጆንያ ሣለች።

አሁን ማታ ሥራዎቹን ስመለከት፣ ፊት ካላቸው የሱፎች ሁሉ ፊት የሌለው የሱፍ የበለጠ የሱፍን ይመስላል። ልጅቷን አላግባብ ተቆጣኋት። ነገ አንድ ነገር እላታለሁ።

ቅዳሜ ሐምሌ 21

ምንም አላልኳትም።

ዛሬ እንየው ግድግዳውን አሳየኝ፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለው የአሮጌው እህል መጋዘን ረጅም ግድግዳ ነው። ለበዓሉ የሚመጡት እንግዶች ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ወርደው ወደ ደሴ ሲወጡ በዚህ በኩል ያልፋሉ። እንድንሥልበት የታዘዝነው ይህ ነው፦ ነዶ የታቀፈ ገበሬ፣ ትራክተር፣ ጥርስ ያለው መዘውር የያዘ ላብ አደር፣ ከላይ የምትወጣ ፀሐይ። ከልጆቼ አንዱም ትራክተር በቅርብ አላየም። እኔም።

በግድግዳው ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአምባሰልና ከየጁ የወረዱ ናቸው፤ ዝናቡ አምናም ካቻምናም ከድቷቸው ነው አሉ። ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ከሰል ተደርድረው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ዝም ብለዋል።

«እነዚህስ?» አልኩት።

«ይነሳሉ።»

«ወዴት?»

«ይነሳሉ አልኩሽ፣ ጓድ ሥርጉት።»

እኔና እንየው አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ድሮ ሒሳብ እኔ ነበርኩ የማሠራው። መጋዘኑ ውስጥ እህል ይኑር አይኑር አልጠየቅኩትም።

ዓርብ ነሐሴ 4

ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ። ስንዴው አማረ፤ ቢጫው ቀለም ግን ቀጥኖ ይንጠባጠባል። ከታች የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ «ልጄዋ፣ ስንዴሽ አናቴ ላይ ፈሰሰ እኮ!» አለችኝ። ሳቀች። የላይኛው ጥርሷ አንዱ የለም። መዲና ትባላለች። ከሁለት ልጆች ጋር ነው የወረደችው፤ አሁን አንድ ልጅ ነው አብሯት ያለው።

ረሂማን ከታች አድርጌአታለሁ፤ ፊት የሌለበት ሥራ እዚያ ነው ያለው፣ ጆንያውና ሳሩ። ከመዲና ጋር ትንሾካሾካለች። ምሳዋን ይዛ ስትመጣ በየቀኑ አያለሁ፤ ስትበላ አይቼ አላውቅም። እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው ብዬ ራሴን ሳስደስት ነበር።

እሑድ ነሐሴ 12... አይደለም፣ ቅዳሜ

ጥድፊያ። ትራክተሩ ጎማው ተንጋድዶ ስለነበር ተፋቀ፣ እንደገና ተሠራ። ኖራ አለቀ። እንየው ሁለት ጊዜ መጣ። ትልቅ ሰው ለቁጥጥር ይመጣል። «ገበሬው ወፍራም ይሁን» አለ። አወፈርነው። መዲና ዛሬ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ነሐሴ 19

ጠዋት ሦስት የጭነት መኪና መጣ። ሰዎቹን ጫኗቸው። አልጮሁም፤ ጓዝ ስላልነበራቸው ብዙም ጊዜ አልወሰደም። የተደገፉበት የግድግዳው ክፍል በወዝና በጭቃ ጠቁሮ ቀርቷል። የጀርባቸውን ቅርጽ መለየት ይቻላል።

እንየው «በኖራ ይለቅለቅ» አለ። ልጆቹን አዘዝኳቸው። ማን እምቢ ይላል? ረሂማ ብሩሹን ያዘች፤ ከዚያ አስቀመጠችው፤ ከዚያ እንደገና አነሳችው። አየኋት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ነጭ ሆነ። ሁሉም አምሮበታል አለ።

እሑድ ነሐሴ 20

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከመጋዘኑ ፊት ሰው ተሰብስቧል። ተጋፍቼ አየሁ።

ሰዎቹ ተመልሰዋል። በከሰል። እያንዳንዱ በነበረበት ቦታ፣ በቁመናው ልክ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ። ሽማግሌው ዱላውን በጭኑ ላይ አጋድሞ፣ መዲና ልጇን በጉያዋ ይዛ። ከላያቸው የእኛ ወፍራም ገበሬ ነዶውን ታቅፎ ይስቃል። አንዳቸውም ፊት የላቸውም።

አንድ ባልቴት «ያረቢ፣ እነሱው ናቸው!» አሉና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ ነሐሴ 22

ትናንት በኖራ አስለቀለቅናቸው፤ ጠፉ። ዛሬ ዘነበ፤ ታዩ። ኖራ ሲርስ እንደ ስስ ነጠላ ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ ሲደርቅ ነው የሚሸፍነው። በዚህ ክረምት ደግሞ ማን ይደርቃል? እንየው ምክንያቱን ጠየቀኝ። «ኖራው ጥሩ አይደለም» አልኩት። ይህን ያህል ብቻ።

ወደ ቢሮው ወስዶኝ በሩን ዘጋ።

«ፊት የሌላቸው ለምንድን ነው? ሰፊው ሕዝብ ፊት የለውም ለማለት ነው?»

«አላውቅም።»

«አንቺ እኮ መምህርታቸው ነሽ። የልጅ እጅ ትለያለሽ። የማን እጅ ነው?»

«ሰፈሩ ሁሉ ከሰል አለው» አልኩት።

«ሥርጉት፣ እኔንም እየጠየቁኝ ነው» አለ። ድምፁ የድሮው የእንየው ድምፅ ነበር፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ጳጉሜ ሁለት ልጆቹ በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ከላይ በሚላኩ ሰዎች ፊት እያንዳንዱ አንድ የተቀመጠ ሰው ይሥላል። ፈተና ነው ይባላሉ። ፈታኟ እኔ ነኝ።

ያገኙትን ልጅ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኩት። መስኮት መስኮቱን አየ።

እሑድ ዕለት «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሬን እንኳ ፈርቼ ነው። አውቃለሁ እንጂ። ከመጀመሪያው መስመር ነው ያወቅኳት። «እዚያ ማን እንደሚቀመጥ አይታችሁ ሣሉ» ያልኩትስ ማን ሆኜ ነው? ያስተማርኳትን ነው የሠራችው፤ ከክፍሉ ሁሉ በትክክል የገባት እሷን ብቻ ነው።

ዓርብ ነሐሴ 25

ረሂማን ከክፍል በኋላ አስቀረኋት። ስለ ግድግዳው አላነሳሁም፤ እሷም አላነሳችም። ስለ ፈተናው ብቻ ነገርኳት።

«ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ። እነዚህን ብቻ ጨምሪ። ለአንድ ቀን።»

«ምያለሁ ቲቸር።»

«ፈጣሪ የልብሽን አያውቅም?»

«መሐላዬንም ያውቃል።»

እጇን ይዤ ለመንኳት። አስተማሪዋ ነኝ፣ በዕድሜ እናቷ እሆናለሁ፤ እንደ ልጅ ለመንኳት። አለቀሰች። «ወላሂ አልችልም» ብላ ሄደች።

ከመለመኔ በፊት ግን ተቆጥቼ ነበር የጀመርኩት። ለምን እንደምቆጣ እኔ ራሴ አልገባኝም።

እሑድ ነሐሴ 27፣ ኮምቦልቻ

እናቴን ለማየት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ የደሴ ብርድ ከአጥንቴ ትንሽ ወጣ። እናቴ ወሬ ሳትጠየቅ ትሰጣለች። «ባለፈው ሳምንት በመኪና ሰው አምጥተው እዚያ ማዶ ሜዳው ላይ አራገፏቸው» አለችኝ። «ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን እየያዘ ይሄዳል። የእኛ ቤት ንፍሮም ሄዷል። አንቺስ እዚያ ደሴ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስንዴ እሥላለሁ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ወደ ሜዳው ሳልሄድ፣ ሳላያቸው ተመለስኩ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው አልኩ። አውቶቡሱ ቆሞ ጠበቀኝ እንጂ አላመለጠኝም።

ማክሰኞ ነሐሴ 29

ነገ አረፋ ነው። ረሂማ አልመጣችም፤ ለበዓል የሚሰፋ ልብስ በዝቶ አባቷን እያገዘች ነው።

በመቅረቷ ደስ አለኝ፤ ትምህርቱ ስለ እሷ መሆኑን እንዳታይ። ልጆቹን እንዲህ አልኳቸው፦ «ሰውን ስትሥሉ በፊቱ አትጀምሩ። ፊት ያታልላል። ሐዘኑም ደስታውም፣ ረሃቡም ጥጋቡም መጀመሪያ ጀርባው ላይ ነው። ለፈተናው ፊት የሚባል ነገር አልፈልግም። ፊት የሣለ ልጅ ዜሮ ያገኛል።»

ሁሉም ግድግዳውን አይቷል።

«ገባን ቲቸር» አለ የሱፍ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። «በደንብ ገባን።»

ሁሉም አንድ ዓይነት ከሣሉ ማንን ይለያሉ? ሳሰላስለው አድሬ ነው የደረስኩበት። እንዲህ ብልህ ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ ጳጉሜ 2

ጠዋት ነው፤ አሁን መሄዴ ነው። አምላኬ።

ዓርብ ጳጉሜ 2፣ ማታ

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሦስት ሰዎች መጡ፤ እንየውና ሁለት የማላውቃቸው። ልጆቹ ተቀመጡ። ረሂማ ዘግይታ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። እኔም በእነዚያ ዓይን ሥር ጠጋ ብዬ ላናግራት አልደፈርኩም። ምን እላታለሁ? የሷ ሥራ እንደ ልማዷ መሣል ብቻ ነው፤ የቀረውን ሌሎቹ ጨርሰውታል ብዬ ነበር።

ጊዜው አለቀ። እንየው ወረቀቶቹን እየሰበሰበ በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ፊት የሌለው የተቀመጠ ሰው። ፊት የሌለው። ፊት የሌለው። የሱፍም ጭምር፤ ያ በሚሥለው ፊት ሁሉ ላይ ጺም የሚጨምር ልጅ። የእንየው ፊት እየጠቆረ ሄደ። እኔ በውስጤ እየሳቅኩ ነበር፤ እግዜር ይይልኝ፣ እየሳቅኩ።

የመጨረሻው ወረቀት የረሂማ ነበር።

ፊት አለው። ዓይኖቹ ቀጥታ ያያሉ፣ ግንባሩ ላይ የፀሐይ መስመር፣ ከንፈሩ ለሳቅ ከፈት ያለ፣ የላይኛው ጥርስ አንዱ የለም። መዲና ናት። ነፍስ ያላት መዲና። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ከተማሪ አላየሁም፤ ከመምህርም።

ለመንኳት እኮ። ዓርብ ዕለት እጇን ይዤ ለመንኳት። እምቢ ብላኝ ሄዳ፣ ሳምንት ሙሉ አስባበት፣ ለእኔ ብላ መሐላዋን ሰበረች። እኔ ደግሞ በሌለችበት ቀን ሌሎቹን ፊት መሣል አስተውኳቸው። አንዳችን ለአንዳችን ሳንነግር።

«ይቺን ተመልከቱ!» አለ ከማላውቃቸው አንዱ። «ይቺ ልጅ ሰው ታከብራለች። እናት፣ ሳቅ፣ ተስፋ። ይሰቀል!» አዳራሹ መግቢያ ላይ ሰቀሉት። ከሥሩ «የአብዮቷ እናት» ብለው ጻፉበት። ከግድግዳው ሥር አንስተው ከጫኗት ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ማንም አላወቃትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህን ሁሉ ፊት አልባ ማን አስተማራቸው?»

«እኔ።»

«የግድግዳውንስ?»

አላመንኩም፤ አልካድኩምም። እንየው ወለሉን ነው የሚያየው። ከበዓሉ በኋላ እንደምጠየቅ ተነገረኝ። ረሂማ ከኋላ ብድግ ስትል አየኋት፤ አፏን ልትከፍት ነው። «ቁጭ በይ!» ብዬ ጮህኩባት፤ የሱፍም ቀሚሷን ይዞ አስቀመጣት።

እሑድ ጳጉሜ 4

ሼህ እንድሪስ ቤቴ ድረስ መጡ። አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ግቡ ብላቸው ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«መምህርት፣ ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች። የከሰሉንም፣ የመሐላውንም፣ እርስዎ ስለ እሷ የተሸከሙትንም። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ሼህ። እኔ ነኝ የገፋኋት።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ እርስዎታው ባንዴ ቀረ። «ለተሰበረ መሐላ ከፋራ አለው፤ ማካካሻ። አሥር ሚስኪን ማብላት ወይም ማልበስ። ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አለብሳለሁ። ለሱቁ ያስቀመጥኩት ካኪ አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሰሏን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ዳግመኛ አልሥልም ትላለች። እኔው ነበርኩ አትሣዪ የምላት፤ አሁን ዝም ስትል አልወደድኩትም።»

እኔም እሱው ነው የጨነቀኝ። ከሥራ ቢያባርሩኝም እለምደዋለሁ፤ ያቺ እጅ መቆሟን ግን አልችለውም።

ከመጋዘኑ ሥር የተነሱት ሰዎች የት እንዳሉ ነገርኳቸው።

ሐሙስ መስከረም 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ፣ እናቴ ቤት

በዓሉ ትናንት አለፈ። እንግዶቹ ግድግዳውን በመኪና አልፈውታል፤ ዝናብ ስለነበር ምን እንዳዩ አላውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ለሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል።

ዛሬ ሼህ እንድሪስ፣ ረሂማና እኔ በአውቶቡስ ወረድን። አሥሩ ካኪ እጀ ጠባብ በአንድ ጥቅል ታስሮ ጭናቸው ላይ ነበር። ሜዳውን በሩቁ ስናየው ሼሁ ቆሙ። ይህን ያህል ሰው አልጠበቁም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር የነበሩት ከዚህ ጥቂቶቹ ናቸው።

«አንቺ ምረጪ» አሏት ረሂማን። «መሐላው ያንቺ ነው።»

ረሂማ ልብሶቹን ታቅፋ በሰዎቹ መካከል ሄደች። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆማ ፊቱን ታያለች፤ ታልፋለች፤ ትመለሳለች። መምረጥ አቅቷት እንባዋ ይወርዳል፤ ግን ታያለች። የዱላው ሽማግሌ የለም። የት ሄዱ ብላ አልጠየቀችም። አንድ አንድ እያለች ሰጠች። የመጨረሻውን ለመዲና አለበሰቻት። ልጁ አብሯት ነው፤ ዓይኑ ተከፍቷል።

«ጀዛኩሙላህ» አለች መዲና እጅጌውን እየዳበሰች። «ለምን ነገር ነው ዱዓ የማደርግላችሁ?»

«የከፋራ ነው» አሉ ሼሁ።

«ይቺ ጨቅላ ደግሞ ምን መሐላ ሰበረች?»

ረሂማ መሬት መሬት እያየች «ፊት ሣልኩ» አለች።

«የማንን?»

«የእርስዎን።»

መዲና ፊቷን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን። «የእኔን? እኔ ራሴ እንኳ ካየሁት ክረምት አልፏል። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አስመሰልሽኝ? ሸጋ ነኝ?»

«ሸጋ ነዎት።»

«ጥርሴንስ?»

«እሱንም... እንደጎደለ።»

መዲና ሳቀች፤ እዚያ ደሴ ያወቅኩት ሳቅ። «ሰው አይቶታል?»

«አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል» አልኩ እኔ። «የገባ የወጣ ሁሉ ያየዋል።»

«እንግዲያስ ምኑ ላይ ነው ወንጀሉ?» አለች፤ ሼሁን ነው የጠየቀችው።

ሼህ እንድሪስ ወደ እኛ አልዞሩም። ልብስ ያልደረሳቸውን ነው የሚያዩት፤ እስከ ሜዳው ጥግ ድረስ ተቀምጠዋል።

«ረሂማ» አሏት፤ «ሌላም ፊት ሣዪ። ከፋራውን እኔ እሰፋለሁ።»